ሦስት ጊዜ የተጠለለ ቤንዚን

ባሌ ጸጋይ መኪና ያውቃል። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያናደደኝ ይኸው ዕውቀቱ ስለሆነ ነው። አስመራ ጣሊያኖች ዘንድ ተምሮ መጥቶ፣ ወረራው ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ አፍንጮ በር የቀኛዝማች ገብረትንሣኤን አሮጌ መኪና ይነዳ ነበር። ይነዳ ነበር ስል በሄደችለት ቀን ማለቴ ነው። አብዛኛውን ቀንማ ከሥሯ ተኝቶ ነው የሚውለው።

የምንኖረው እዚያው ቀኛዝማች ግቢ፣ ለሾፌር በተሰጠች አንዲት ክፍል ነው። ከጀርባዋ ጠላ እጠምቃለሁ፣ በአጥሩ በኩል ባለችው ትንሽ በር እሸጣለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት በየሰው ጓሮ ተንከራተን፣ ተነሱ የሚለን ሳይኖር የተኛንባት የመጀመሪያዋ ቤት እሷ ናት። ግድግዳዋን በገዛ እጄ ነው የመረግኋት።

የመኪናዋ በሽታ የጀመረው በየካቲት ነው። ከአፍንጮ በር እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለቱን ደህና አድርጋ ትወርዳለች። ድልድዩን ተሻግራ ወደ አራዳ አቀበቱን ስትይዝ ማሳል ትጀምራለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ትንገጫገጭና ጸጥ ትላለች። ጸጋይ ይወርዳል፣ ክዳኗን ይከፍታል፣ አንዱን ነገር ፈትቶ ይጠርጋል፣ መልሶ ያስራል። ከዚያ ከፊቷ ያለውን የማስነሻ ብረት ሲያዞረው ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። «አሁን አገኘሁት» ይላል። በማግስቱ እዚያው አቀበት ላይ ትቆማለች።

መጀመሪያ ካንዴላው ነው አለ። አራቱንም አውጥቶ በአሸዋ ፈተጋቸው፤ ያንን ቀን ሄደች። ቀጥሎ ሽቦው ነው አለ፤ ሽቦውን ሁሉ ለወጠ፣ ሁለት ቀን ሄደች። ከዚያ እሳት የሚሰጠው ክፍል ነው ብሎ እሱን አፍርሶ፣ ብሎኑን ሁሉ እኔ ጠላ በምቀዳበት ጣባ ውስጥ ዘረገፈው። «አሁን አገኘሁት» የሚለውን ቃል ስሰማ አንጀቴ ያርር ጀመር። ምናልባት አላገኘኸው ይሆናል ስለው፣ «አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ጸጋይ ግን ሞኝ እንኳ አይደለም፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ።

ሲጨንቀው ወደ ቤንዚኑ ዞረ። ቤንዚን ያኔ በባቡር በቆርቆሮ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ እኛ የምንገዛው አራዳ ከዘይኑዲን ሱቅ ነበር። በጥር አንዱ ቆርቆሮ ውስጥ ዝገት አይቶ ኖሮ፣ «አንቺ ጠላ ታጠልዪ የለ፤ ቤንዚኑንም እንደሱ አጥልይልኝ» ብሎኝ ነበር። ያረጀ ነጠላዬን ቀድጄ አጠልልለት ጀመር። መኪናዋ ስትብስበት ጊዜ፣ «ሁለት ጊዜ አጥልዪው» አለ። አሁንም ስትቆም፣ «ሦስት ጊዜ፣ ጨርቁንም ደርበሽ» አለ። እጄ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ፤ ደንበኞቼ ጠላሽ መኪና መኪና ይላል እያሉ አፌዙብኝ። ሁለቱ ጭራሽ ቀሩ።

በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ቀኛዝማች ካባቸውን ደርበው ወደ ጊዮርጊስ ሲሄዱ፣ አራዳ መሀል ሰው በተሰበሰበበት ቆመችባቸው። የአራዳ ልጅ አፉን ታውቁታላችሁ። አንዱ፣ «ጭድ አብሏት፣ ጦሟን ነው የዋለችው» አለ። ሌላው በቅሎውን እያቀረበ፣ «ቀኛዝማች፣ ይውጡባት፤ ይቺ አታስነጥስም» አላቸው። ቀኛዝማች በእግራቸው ተመለሱ። ግቢ ሲገቡ ቤተሰቡ ሁሉ በቆመበት ጸጋይን አስጠሩት።

«ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ይህች መኪና ሳትቆም ከደጁ ታደርሰኛለች። በሽታዋም ምን እንደነበር ትነግረኛለህ። ጥፋቱ የሌላ ከሆነ እሱን እጠይቃለሁ። ያንተ ሆኖ ከተገኘ ግን፣ ጊዮርጊስን፣ ከዚህ ግቢ አታድርም» አሉት።

እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ያን ጊዜ ያየሁት ግድግዳዬን ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ «ነይ፣ አሁን ድኗል፣ ጠላሽን አራዳ ላድርስልሽ» አለኝ። ማንቆርቆሪያዬን አቅፌ ከኋላ ተቀመጥኩ። ድልድዩን ተሻገርን፤ አቀበቱ መሀል ሳለች፣ ቆመች። እሱ ወርዶ ካንዴላውን ሊፈታ ሲል ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰው፣ ካንዴላውን ተወው!» አልኩት። «ይቺ ማንቆርቆሪያ ገለባ ሲገባባት እንዴት እንደምትሆን አይተህ ታውቃለህ? ስቀዳ ገለባው ተስቦ የመቅጃ ጡቷን ይወትፈዋል። ትቼ ሳስቀምጣት ገለባው ይመለሳል፤ እንደገና ስቀዳ ትቀዳለች። አንተ አንድ ሰዓት ሙሉ ካንዴላ ስትፈትግ የመኪናዋም ውታፍ እየተመለሰ ቢሆንስ? ዛሬ ሳይውል ሳያድር ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ፍታ።»

ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ አላለኝም። ካርቡራቶር የሚለውን የቤንዚን ማስገቢያ ከፈተና ከውስጡ የባቄላ ፍሬ የምታህል ናስ ነቅሎ ወደ ፀሐይ አነሳት። መሀሏ ላይ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አላት፤ ብርሃን ግን አታሳልፍም። በአፉ ነፋት። መዳፉ ላይ ነጭ ነገር ወደቀ።

«ጥጥ!» አለ። «ዘይኑዲን ነው! ቆርቆሮውን በጥጥ እየወተፈ ነው የሚሸጥልኝ! ዛሬውኑ ቀኛዝማች ፊት አቆመዋለሁ!»

እኔ መዳፉን እያየሁ ነበር። ከጥጡ መሀል አንዲት አረንጓዴ ክር አለች። ያንን ጥለት ከገበያ አይደለም ያመጣሁት፤ ክሩን ራሴ መርጬ ለሸማኔ የሰጠሁት ነው። ዝም ብል ዘይኑዲን ይጠየቅ ነበር፣ እኛም በቤታችን እናድር ነበር። አልቻልኩም። «ነጠላዬ ነው» አልኩት። «ባጠለልነው ቁጥር ጥጥ እየጨመርንባት ነው።»

ጸጋይ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከጥር እስከ ሚያዝያ መድኃኒት ብሎ ያዘዘው ራሱ በሽታው ነበር። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ብናደድበትም አሳዘነኝ።

ቤት ስንመለስ ነገሩን ጨረስነው። «ሚስቴ ሳላውቅ በነጠላ አጥልላው ነው በላቸው» አልኩት። «እኔን ምን ይሉኛል? ሴት ናት፣ አታውቅም ብለው ይስቃሉ። ስሜ ቢጠፋ ቤቴ ይቀርልኛል።» ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኩት። በመጨረሻ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። የተረፈውን ቤንዚን በስስ የፍየል ቆዳ አጠለልነው።

በማግስቱ መኪናዋ አንዴ እንኳ ሳታስል ጊዮርጊስ ደረሰች። ቀኛዝማች አራዳን ቀና ብለው አልፈው፣ ቀና ብለው ተመለሱ። ፊታቸው በርቶ ግቢው መሀል ወረዱና፣ «በል፣ በሽታዋ ምን ነበር?» አሉ።

«ጥጥ ነው፣ ጌታዬ። ቤንዚኑ በነጠላ እየተጠለለ ጥጡ ቀዳዳዋን ይወትፋት ነበር።»

«ማነው በነጠላ የሚያጠልል?»

እኔ አንድ እርምጃ ወጥቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ለመሳቂያነት ተዘጋጅቼ ቆሜያለሁ።

«እኔ ነኝ» አለ ጸጋይ።

ቀኛዝማች ራሳቸው የከፋቸው ይመስላሉ፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። «እስቲ ደህና አድርገህ አስብ። ሌላ ሰው አልነበረም?» አሉት። ማምለጫ መንገድ እየጠረጉለት ነበር። እኔም በዓይኔ ልበላው ደረስኩ።

«ሌላ ሰው የለም፣ ጌታዬ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

በጊዮርጊስ ምለዋል፤ ቀኑም ጊዮርጊስ ነው። ምን ያድርጉ? ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣን።

እሱ ፍራሹን ተሸክሞ፣ እኔ የጠላ ጋኔን አዝዬ ወደ ድልድዩ ስንወርድ ያልወረደበት የስድብ ዓይነት የለም። ደደብ አልኩት፣ ግትር አልኩት፣ ዘጠኝ ዓመት የፈለግኳትን ቤት በአንድ ቃል አፈረስካት አልኩት። «ለምን እሷ ናት አላልክም? ተስማምተን አልነበር?» አልኩት።

«ሰው ሁሉ ሊስቅብሽ ያይሽ ነበር» አለኝ። «አላስችል አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ስድብ ጠፋኝ። በዘጠኝ ዓመቱ መንከራተት የሳቀብኝን ሰው ቁጥር አላውቀውም፤ አይሳቅባት ብሎ ቤቱን የሰጠ ሰው ግን ከዚያ በፊት አልነበረም። እያለቀስኩ ድልድዩን ተሻገርን።