ሙሄ ከዛፉ ጀርባ ያልገባበት ቀን

ነገ ካሜራ ይዛችሁ ኦስትማርካ ጫካ ልትገቡ ነው አሉኝ። ሱመያ ደግሞ ከመጣሁ ጀምሮ «ጋሼ ሰኢድ፣ የዝንጀሮዎቹን ፎቶ ያለ ትራይፖድ እንዴት አነሳኸው? ንገረን» እያለች ታደርቀኛለች። ያለ ማቆሚያ ማንሳቱ ቀላል ነው። ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ ግራ እጃችሁ ሌንሱን ከሥር ይሸከመው፣ ትንፋሻችሁን ግማሹን አውጥታችሁ ያዙና ተጫኑ። ዝንጀሮ እንደሆነ ካላስበረገጋችሁት ሣሩን እየነጨ ይውላል። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳያችሁ ቁጭ ብላችሁ መሬት መሬቱን እዩ፣ ይተዋችኋል። እኔ ደሴ ፎቶ ቤት ስሠራ በእረፍት ቀኔ ሁሉ ገደል ለገደል ስከተላቸው ኖሬ ጭረት እንኳ አልደረሰብኝም። የተጎዳሁት እዚሁ ስደት አገር ነው፤ ከሞርተንሩድ ሰፈር በእግር በሚደረስበት፣ ነገ እናንተ በምትገቡበት ጫካ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ጥቅምት ላይ ነው። አንዳንዶቻችሁ ገና ባርነሃገ፣ ሕፃናት መዋያ ትውሉ ነበር። የዚያን ዓመት ብርዱ ቸኩሎ ገባ፤ ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ ረግረጉ ጠዋት ጠዋት ስስ በረዶ መልበስ ጀምሯል። ወቅቱ ወንዱ ኤልግ ሴት ፍለጋ የሚያብድበት ነው። ኤልግን እናንተ በመንገድ ምልክት ላይ ነው የምታውቁት። ከፈረስ የሚበልጥ አውሬ ነው፤ ቀንዱ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ነው፤ እንዲያ ገዝፎም ቅርንጫፍ ሳይሰብር ሾልኮ ያልፋል።

አብሮኝ የነበረው ሙሄ ነው። ሙሐመድ ኑር ነው ስሙ፣ የሐይቅ ልጅ። ሊንደበርግ በተከራየኋት ቤት አብረን እንኖር ነበር። እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ፣ እሱ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ያጥባል። ከአገር ሲወጣ ሚስቱ ዘሃራ እርጉዝ ነበረች፤ ልጁን ሐያትን የሚያውቃት በስልክ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያመጣበትን ቀን ሲጠብቅ ኖረና በዚያው መኸር ጠበቃው ደውሎ የጥገኝነት ጥያቄው ለመጨረሻ ጊዜ ውድቅ መሆኑን ነገረው። የሥራ ፈቃዱም አብሮ ሄደ።

አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በመስኮት ማየት ብቻ ሆነ ውሎው። ግሮንላንድ ሰፈር ወርደን ያገር ሰው እንይ ስለው «ምን ልላቸው?» ይለኛል። ሌላ ቃል የለውም። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ብድግ አለና፣

«ሐያት እዚያ አገር ምን አውሬ አለ ብላ ጠየቀችኝ» አለኝ። «ኤልግ አለ፣ ከግመል አይተናነስም አልኳት። ከእሱ ጋር ፎቶ ተነስተህ ላክልኝ አለች።»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሰውዬው ተናገረ! «ነገውኑ እንሄዳለን» አልኩት።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ያን ጊዜ በስልክ ፎቶ ማንሳቱ ለስሙ ያህል ነው፤ እኔ አንድ ያገለገለ ካሜራና እንደ ክንዴ የሚረዝም ቴሌ ሌንስ አለኝ። ትራይፖዱን ቤት ተውኩት፣ ቁጥቋጦ ውስጥ እየተንቋቋ አውሬ ያባርራል። የአዳኞች ወቅት ስለሆነ እንዳይተኩሱብን ብርቱካናማ ሰደርያ ለበስን። ነፋሱ ከፊታችን ነበር፣ መልካም ነገር ነው፤ ሽታችንን ወደ አውሬው አይወስድም።

ዱካውን ያገኘሁት ጭቃው ዳር ነው። ሁለት ረጃጅም ጣት፣ ከኋላቸው ሁለት ትንንሽ ነጥብ፤ የእኔ መዳፍ አልሸፈነውም። ጠርዙ ገና አልተናደም፣ ውኃም አልሞላውም። ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ ወጣት ጥድ ቅርፊቱ ተልጦ ሙጫው ይንጠባጠባል። ከዚያ ሽታው መጣ። ወንዱ መሬቱን በኮቴው ቆፍሮ ይሸናበታል፤ አንዴ ከሸተታችሁ አትረሱትም። የሙሄን ክንድ ያዝኩና በጆሮው፣

«ቅርብ ነው። ቢመጣብህ አትሩጥ፣ አትቀድመውም። ወፍራም ዛፍ ጀርባ ግባና ዛፉን ተከልለህ ዙር» አልኩት።

«ገባኝ» አለ።

ረግረጉ ዳር ቆሞ አገኘነው። ጥቁር ነው፣ ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። እኛን አላየንም። ተንበረከክሁ፣ ክርኔን ከጎኔ አጣበቅሁ። እጄ ደንዝዟል፣ ብርሃኑም ስስ ነው፤ ሌንሱ በልቤ ምት ልክ ይዘላል። ሙሄ ጎንበስ ብሎ፣

«እኔ እዚያ ዛፎቹ ጋ ልቁም፣ አንተ ከዚህ ሁለታችንን አንሳን» አለኝ።

«ከዛፎቹ እንዳታልፍ!»

«ናይ፣ አላልፍም።»

ሄደ። በሌንሱ ስከተለው ዛፎቹ ጋ ደረሰ። ዛፎቹን አለፈ። መሳሳቱ መስሎኝ ቀስ ብዬ አፏጨሁለት። ወደ ረግረጉ ወጣ፤ በረዶው ከእግሩ ሥር ሲሰበር እኔ ድረስ ተሰማ። ኤልጉ ቀና አለ። ጆሮውን ወደ ኋላ አጣበቀ፣ የጀርባው ፀጉር ቆመ፣ ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ላሰ። ይህን ካያችሁ ነገር አብቅቷል፤ እንደ ዝንጀሮው ማስፈራሪያ አይደለም።

«ሙሄ! ዛፍ ጀርባ ግባ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። ያ ሌንስ ሩቁን አምጥቶ ዓይናችሁ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። ፊቱን አየሁት። አልፈራም። በአንድ ክፍል ስንተኛ ያላየሁትን እዚያ ነው ያየሁት፤ ፊቱ ላይ እንደ እፎይታ ያለ ነገር ነበረ። ጣቴ ተጭኖ ኖሯል፣ ካሜራው ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚያ ወደ ኤልጉ ተመለሰና እጁን ዝቅ አድርጎ ቆመ።

ሱመያ፣ «ለምን ዛፍ ጀርባ አልገባም?» ትይኛለሽ። እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱን ግን ያኔውኑ ያየሁት ይመስለኛል።

ኤልጉ ተንደረደረ። መሬቱ ይደልቃል። እኔ ካሜራው አንገቴ ላይ እየተወዛወዘ፣ እየጮህኩ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ወደ እነሱ ሮጥኩ። በዚያች ቅጽበት አላሰብኩም፣ ባስብ ኖሮ የምሮጥ አይመስለኝም። ጩኸቴን ሲሰማ አቅጣጫውን ለወጠ። በሙሄ አጠገብ አልፎ፣ ሰደርያው በንፋሱ እስኪርገበገብ ድረስ ተጠግቶት አልፎ፣ ወደ እኔ መጣ። አንድ ጥድ ጀርባ ተወረወርኩ። ቀንዱ ግንዱን ሲመታው ዛፉ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ። ልዞር ስል የፊት እግሩን አንስቶ መታኝ። ግራ ክንዴ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ ሕመሙ የመጣው ዘግይቶ ነው። አፍንጫው የእኔ ፊት ላይ ይተነፍሳል፣ የዓይኑ ነጭ ቀልቷል። ሁለተኛውን ሲሰነዝር በሆዴ ተኛሁ፤ ከጎኔ የወደቀውን ሌንስ አደቀቀው። ከዚያ ቆመ። አናፋ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀስ ብሎ ጫካው ውስጥ ገባ።

ሙሄ መጣና አጠገቤ በረዶው ላይ ተቀመጠ።

«አየኸው ሰኢዶ? እሱ እንኳ አልፈለገኝም» አለኝ።

ክንዴ ተንጠልጥሏል። ሻርፑን ፈትቶ አሰረልኝ፣ ጫማዬን አስተካከለልኝ፣ ደግፎኝ ወረድን። መንገዱን ሙሉ «ቀስ፣ ድንጋይ አለ» ይለኛል። ታክሲ ይዘን ሌገቫክት፣ ድንገተኛ ሕክምናው ደጃፍ ስንደርስ ቆመ።

«እኔ እዚህ ድረስ ነኝ። ማን ነህ ብለው ይጠይቁኛል» አለ።

«ሙሄ፣ ቤት ጠብቀኝ። እንነጋገራለን።»

«ያ፣ ያ፣ እሺ» አለና ጃኬቴን ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ። በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ በመስታወቱ አየሁት፤ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ መንገዱ ሄደ።

ክንዴ በጀሶ ታስሮ ቤት ስመለስ አልጋው ተነጥፏል፣ ሻንጣው የለም። ግሮንላንድ ያሉትን ሱቆች ሁሉ፣ መስጊዱንም ጭምር ጠየቅሁ። አንዱ ስዊድን ነው ይላል፣ ሌላው ጣልያን አየሁት ይላል። ተከታትዬ ስደርስበት ሁሉም ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። እስከ ዛሬ ወሬውን አልሰማሁም።

ፎቶውን የሚይዘው የካሜራው ካርድ አልተጎዳም ነበር። ኤልጉ በሁሉም ፎቶ ላይ ጥቁር ጭረት ነው፤ ጥርት ብሎ የወጣው የሙሄ ፊት ብቻ ነው። ለማንም አላሳየሁትም፣ እናንተም አታዩትም።

እንግዲህ ነገ ስትሄዱ ሰደርያ ልበሱ፣ ነፋሱን ለዩ፣ ጥጃ ያላት እናት ኤልግ ካያችሁ ተመለሱ። ሌንሱን ዓይናችሁ ላይ ስታደርጉ ሌላውን ዓይን አትጨፍኑ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው ፊት እዩት፤ በደንብ እዩት። እኔ ይህን ያወቅሁት ክንዴ ከተሰበረ በኋላ ነው፣ ሙሄን ግን አልጠቀመውም።

ዘሃራ በየኢዱ ትደውልልኝ ነበር። ሰላምታውን ሳትጨርስ «ወሬ አለ?» ትላለች፤ «የለም» እላታለሁ። ባለፈው ኢድ በእናቷ ፈንታ የደወለችው ሐያት ናት፣ ድምፅዋ የትልቅ ሴት ሆኗል። ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ የአገሩን ብርድ ጠየቀችኝ። እኔ ያችን ጥያቄ እየጠበቅሁ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዣለሁ። «በሉ ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ» አለችና ስለ አባቷ አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ ዘጋች።