ከጦስኙ ውስጥ የሚወጣው ድምፅ

ገበያችን ያልተጻፈ ሕግ አለው፤ ስላልተጻፈም የሚሰርዘው የለም። ጉልት ማለት መሬት ላይ የተነጠፈ ማዳበሪያ ነው። አንድ ሰው ቦታውን ከፈለገ "ማዳበሪያው የማነው?" ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ከቦታው "የኔ ነው" የሚል ድምፅ ከወጣ ነገሩ አበቃ። ካልወጣ ማዳበሪያው ተጠቅልሎ ጥግ ይጣላል፤ ከዚያ ወዲያ ብታለቅሺም ቦታውን አትመልሺውም።

እኔ ደብረ ማርቆስ ገበያ ጌሾ እሸጣለሁ። ከአጠገቤ ጦስኝና ኮሰረት የምትሸጥ ልጅ እግር ጎረቤት አለችኝ፤ ከእሷ ቀጥሎ የላስቲክ ጫማ ሻጩ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ጫማው ብቻ ይበዛል። ጫማውን የሚደረድርበት ሸራ እንደ ዱባ ሐረግ ነው፤ ሲያድግ አይታይም፣ አድጎ ነው የሚገኘው።

በዚያ ክረምት የጎረቤቴ ሆድ ሲገፋ ወንድ እንዲሆን ተሳልን። ለወንድ ያደላን እንዳይመስላችሁ። ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ ሴት በሰማንያ። አማቷ ደግሞ "ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ከቤት ንቅንቅ የለም" ብለዋል። ማርያም የገበያተኛ ስለት አልሰማችም፤ ሴት ሰጠቻት።

መጀመሪያ ሰሞን ቦታዋን በአፌ ጠበቅሁላት።

"ባለቤቷ የት ሄደች?" ይላል ጫማ ሻጩ።

"ሽንት ቤት።"

"ካለፈው ሳምንት ጀምሮ?"

"ወረፋ አለው።"

ይህ ብዙ እንደማያስኬድ ገባኝ። ስለዚህ በየገበያው ቀን ጦስኟን ማዳበሪያው ላይ ደርድሬ፣ እሷጋ ደውዬ፣ የስልኬን ድምፅ ከፍ አድርጌ መካከሉ አስቀምጠው ጀመር። እሷ ከአራስ አልጋዋ ሆና ትሸጣለች።

"ጦስኙ የጮቄ ነው?" አሉ አንዲት ከደምበጫ የመጡ እናት።

"የጮቄ ነው እናቴ፣ ያሽትቱት!" አለ ቅጠሉ።

እናትየዋ አማተቡ። ከዚያ ዋጋ አስቀነሱት።

ጫማ ሻጩ ግን አልተዋጠለትም። "ስልክ ሰው ነው እንዴ?"

"ሰው ባልሆን እግርህን ከኮሰረቴ ላይ አንሳ እልህ ነበር?" አለችው። አላየችውም፤ ታውቀዋለች እንጂ። ጎንበስ ብሎ አየ። እግሩን አነሳ።

ከቀትር በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ድምፅዋ ይርቅና ይጠፋል፤ እንቅልፍ ወስዷት ነው። ያኔ ከጦስኙ ውስጥ የሕፃኗ ትንፋሽ ይሰማል። ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲተን የኮሰረቱ ሽታ ከትንፋሿ ጋር የሚወጣ ይመስለኛል። ሊከራከረኝ የመጣ ገዢ ሳይታወቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔም በሹክሹክታ ጌሾ እሸጣለሁ። በሹክሹክታ የተጠራ ዋጋ ሰው ቶሎ እንደሚቀበል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ጉም ወረደ። ከፊቴ ያለው ጌሾ እንኳ የሌላ ሰው መሰለኝ። ያን ቀን ኔትወርክም የለም። ስልኩን ብጠራው፣ ባነቃንቀው፣ ዝም።

ጫማ ሻጩ ከጉሙ ውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማዳበሪያው የማነው?"

ዝም።

"ማዳበሪያው የማነው?"

የሸራው ጠርዝ መሬት ለመሬት ሲሳብ ሰማሁ። የሷ ቦታ ከሄደ የምትመለስበት እንደሌላት አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጦስኝ በጭንቅላቷ ተሸክማ፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ መዞር ነው።

"ማዳበሪያው..."

"የኔ ነው!"

ከአፌ የወጣው የኔ ድምፅ አልነበረም። ቀጭን ነው፣ መጨረሻው ላይ ይጎተታል፤ ስንት ገበያ ሙሉ ከጦስኙ ውስጥ ስሰማው የዋልኩት ድምፅ ነው። ሸራው ቆመ።

"ኔትወርክ መጣ ማለት ነው" አለ ሰውየው፣ እየከፋው።

ማታ ራሷ ደወለች።

"እትዬ፣ ዛሬ እንቅልፍ ጥሎኝ ዋለ። ደግሞ ሕልም አየሁ፤ ጉም ውስጥ ቆሜ 'የኔ ነው' እላለሁ። ለማን እንደምል ግን አይታየኝም።"

"ስንት ጊዜ አልሽ?"

"አንዴ።"

"ይበቃል" አልኳት። የቀረውን እስካሁን አልነገርኳትም።

ክርስትናው እንዳለፈ በገንፎና በቅቤ ወፍራ፣ ልጇን አዝላ መጣች። ቦታዋ ላይ ቆማ ግራ ቀኙን በዓይኗ ለካች። እንደተወችው ነበር። ሳትናገር ተቀመጠች።

ጫማ ሻጩ ትንሽ አያትና ባዶ የጫማ ካርቶን ወረወረላት። "አስተኛት፤ መሬቱ ይበርዳል።"

ካርቶኑ ውስጥ ነጠላ አነጠፈችና ሕፃኗን በጦስኙ መሃል አስተኛቻት። ልጅቱ በእንቅልፏ ፈገግ አለች፤ ማርያም ስታጫውታት ነው።

ሰውየው ጎንበስ አለ። "ማዳበሪያው የማነው?" አላት ሕፃኗን በቀስታ።

ነቅታ ገበያውን በለቅሶ አናጋችው።

እሱም እየሳቀ ሸራውን አንድ ስንዝር ሰበሰበ። በሚቀጥለው ገበያ መልሶ ዘረጋው፤ ነጋዴ ነው።