እንኳን ደህና መጡ ባዩ

ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ሰውዬ ደመወዝ የሚበላው «እንኳን ደህና መጡ» እያለ ነው። የድርጅታችን ኢሜይል እንዲደርሰው የተመዘገበ ሰው ሁሉ፣ ገና ስልኩን ከእጁ ሳያስቀምጥ የዚህ ሰውዬ ደብዳቤ ከተፍ ይልበታል፦ «ውድ ቤተሰባችን፣ በጉጉት ስንጠብቅዎት ነበር!»

ማን ጠበቀው? እኔ ሥራ የጀመርኩ ዕለት «እንደምን አደሩ» ስለው፣ ቀና እንኳ ሳይል በእስክሪብቶው ጫፍ ወንበሬን አሳየኝ። የደብዳቤው ማር ሁሉ በሚጽፍበት ጣቱ ላይ ቀርቶ ምላሱ ላይ ጠብ አላለም።

ክረምት ከበጋ ያችኑ ክርኗ ያለቀ ሹራብ ይለብሳል። ምሳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል፤ አጠገቡ ሰው ከተቀመጠ ሳህኑን ከድኖ ይነሳል። ስልኩ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ምክር ግን አያልቅበትም፦ «አዲስ ሰው በትኩሱ ነው። አምስት ደቂቃ ካስጠበቅከው በረደ።»

እኔን አምስት ወር አስጠብቆኛል።

የሚጽፈውን ሁሉ አስቀድሞ ወደ ራሱ አድራሻ ይልካል። «ለሙከራ ነው» ይላል። ይሁን። ትናንት ግን ከአታሚው ወረቀት ላነሳ በጀርባው ሳልፍ፣ ያው «በጉጉት ስንጠብቅዎት ነበር» የሚለው ደብዳቤ «አቶ» ብሎ ከነስሙ እየጠራው ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል። ደብዳቤው ተሞክሮ ለሕዝብ መላክ ከጀመረ እኮ ዓመት አልፎታል! ሰውዬው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ሹራቡን አስተካከለና፣ መልስ መስጫውን ተጭኖ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈ።