ከሠሪዎቹ ጋር ጥሩኝ

እኛ ቀበሌ ማን የሴፍቲኔት ስንዴ እንደሚወስድ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። በየዓመቱ ሕዝቡ ግራሩ ሥር ይሰበሰብና የተረጂው ስም ጮክ ተብሎ ይነበባል። ተነብቦ ሲያበቃ «ቅሬታ ያለው?» ይባላል። ያኔ ጉድ ነው! «እሱማ ሁለት በሬ አለው!»፣ «የሷ ልጅ ከጅዳ ትልክላት የለ እንዴ!» ሳቁ፣ ንትርኩ፣ መሐላው። አሁን ከሚሴ ከተማ ገብቼ ጎረቤቴን እንኳ በወጉ ሳላውቅ ስኖር፣ ያ ጫጫታ ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል? ወላሂ ይናፍቀኛል።

ስሙ በሁለት ወገን ነበር የሚነበበው። መጀመሪያ ጉልበት ያላቸው ይጠራሉ፤ እነሱ ከጨፋ ሜዳ በላይ ያለውን የተራቆተ ተራራ እርከን እየሠሩ ነው ስንዴውን የሚያገኙት። ቀጥሎ ሳይሠሩ የሚረዱት አቅመ ደካሞች ይጠራሉ። አባቴ ሁልጊዜ ከሠሪዎቹ ጋር ነበር። ድንጋይ አደራደሩንማ አትጠይቁኝ። እናቴ «ለኔ ቤት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቀህ ግድግዳ አቁመህ አታውቅም» እያለች ትነዘንዘው ነበር።

አንድ ዓመት ታዲያ ስሙ ከደካሞቹ ጋር ተነበበ። ስም የሚመርጡት ኮሚቴዎች በደግነት ነው፤ ሳል ጠንቶበት፣ ዶማውን ተደግፎ ሲያርፍ አይተውታል። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ይዋሻል።

እሱ ግን ብድግ አለ። «ቅሬታ አለኝ!»

ሊቀመንበሩ ግራ ገባው። «እንዴ አባታችን፣ ስንዴው እኮ አልቀረብዎትም።»

«አኒ ሂን ዱኔ! አልሞትኩም! ከሠሪዎቹ ጋር ጥሩኝ፤ ያለዚያ ሰርዙኝ።»

ሰዉ ሳቀ። አንዷ ጎረቤታችን «ሰው ስንዴ ሲሰጡት ይጣላል? ለኔ አዙሩልኝ!» ብላ ጮኸች። የአባቴን ፊት ሳየው ሳቄ ጠፋ። ሊቀመንበሩም «የዘንድሮው ጸድቋል፣ ለከርሞ እናያለን፣ አብሽሩ» ብሎ አስቀመጠው።

መቼም እልኸኛ ነው። ማንም ሳያዘው ጠዋት ጠዋት ተራራው ላይ ይወጣ ጀመር። እናቴ «ኧረ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተቀመጥ!» ስትለው፣ «በነጻ የበላ አፍ አሚን ለማለት ያፍራል» ይላታል። ተናድጄ ዶማውን ብደብቅበት በእጁ ድንጋይ ሲለቅም ዋለ። ምን ይደረጋል! ውሃ ይዤለት እወጣ ጀመር። እሱ ድንጋዩን ሲያስተካክል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ታች የቦርከናን ውሃ፣ ማሽላውንና ከብቱን እያየሁ እናወራለን። ከአባቴ ጋር ያን ያህል ተቀምጬ ያወራሁበት ጊዜ የለኝም።

የከርሞው ስብሰባ ሳይደርስ ያ ሳል ወሰደው።

እናቴና እኔ ሐዘናችን ሳይወጣ ሄደን ከሕዝቡ ጋር ተቀመጥን። ኮሚቴዎቹ ለካ ተራራው ላይ ሲለፋ አይተውት ኖሯል። ዝርዝሩን የጻፉት ከመሞቱ በፊት ነበርና፣ አንባቢው ሳያስበው ስሙን ጠራው። ከሠሪዎቹ ጋር።

አባቴ ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ የለቀመው ይህችን ለመስማት ነበር፤ ሁላችንም ሰማናት፣ እሱ ብቻ አልሰማትም። አንባቢው ክው አለ። «አላህ ይማረው፣ አፉ በሉኝ፣ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ» አለ።

«እንዳትሰርዘው» አለች እናቴ፣ ሻሿን ፊቷ ላይ እየሳበች። «አንዴ ድገምልኝ።»

ደገመላት።