ስክሪኑ እስኪናገር

መምህርት ሙሉጌጥ ሃያ አምስት ዓመት ባዮሎጂ ስታስተምር የፈራችው ተማሪ የለም፤ ፕሮጀክተር ግን ፈራች። የቀድሞ ተማሪዋ፣ የዛሬው ርዕሰ መምህር ዋሲሁን ሰኞ ዕለት ቁርጡን ነግሯታል፦ «ሐሙስ ገምጋሚ ይመጣል። በፕሮጀክተር ማስተማር ካልቻሉ ቤተ መጻሕፍት ይመደባሉ።» ቤተ መጻሕፍት! እሷን የመሰለች ለፍላፊ፣ ሹክሹክታ እንኳ በተከለከለበት ቤት!

ሦስት ቀን ሙሉ ገመድ ስትሰካና ስትነቅል ከረመች። የአይሲቲው መምህር ዩኑስ ፒያሳ ካፌ አስቀምጦ ደጋግሞ አሳያት፤ እሷም እንደ ውኃ ጠጣችው። ከተማው ሐይቅ ዳር ካለው ዓሣ ገበያም ወርዳ፣ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ በስልኳ አንስታ መጣች።

ሐሙስ ደረሰ። ገምጋሚው አቶ ወልደአማኑኤል፣ ሽበታም ሰው፣ ከዋሲሁን ጋር የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ሙሉጌጥ ሰካች፣ ተጫነች፣ ጠበቀች። ያ ቀይ ስንጥብ ግድግዳውን ሞልቶ ሲወጣ ስልሳው ተማሪ «ዋው!» አለ። ደስታው ልቧን ሊያፈነዳው ደረሰ። ከዚያም እጇን አጣጥፋ በሩ ጥግ ሄዳ ቆመች።

አይፈረድባትም። በፕላዝማ ዘመን ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚንቆረቆረው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ነበር። መምህሩ ይከፍተዋል፣ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ሲያልቅ ይዘጋዋል። ስንት ዓመት እንዲያ ቆማለች! ስክሪን ሲበራ እግሯ ራሱ ነው ወደ ጥግ የወሰዳት።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ተማሪው ስንጥቡን ያያል፣ ስንጥቡ ተማሪውን ያያል። ሁለተኛው ደቂቃ ሲጋመስ ከፊት የተቀመጠችው ሩታ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ድምፁ ተበላሽቶ ነው?»

ሙሉጌጥ ድምፁን ልትጨምር ተንደርድራ ሄደችና መንገድ ላይ ቀጥ አለች። የምን ድምፅ? ራሷ ያነሳችው ፎቶ እኮ ነው!

«ወይኔ ጉዴ! ለካ የምናገረው እኔ ነኝ!»

ጠረጴዛውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ክፍሉም አብሯት በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይያዛት! ስንጥቡን አጎላችው፣ አሁንም አጎላችው፣ አንዷ ክር መጥረጊያ እስክታክል። ብርሃኑ ውስጥ ገብታ ነጭ ጋዋኗ ላይ ቀይ ስንጥብ ሲያርፍ የገዛ ጎኗን እየጠቆመች «ውኃው በዚህ ያልፋል! ኦክስጅኑ እዚህ ይቀራል!» አለች። ደወል ተደውሎም የተነሳ ልጅ የለም።

ሦስቱም ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ዋሲሁን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ያቺ መጀመሪያ ላይ ዝም የተባለባት ደቂቃ ግን…»

«እሷን አልጻፍኳትም» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል፣ ማስታወሻ ደብተራቸውን እየዘጉ። «እኔም በፕላዝማ ዘመን የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ። እስክሪብቶዬን ይዤ ስክሪኑ እስኪናገር ስጠብቅ ነበር።» ወደ ሙሉጌጥ ዞሩ። «ቲቸር፣ ክፍሉ የእርስዎ ነው።»

ሙሉጌጥ እዚያው እልልታዋን ለቀቀችው። ስልሳው ልጅ ከውስጥ ተቀበላት።

«ኧረ ቲቸር፣ ሌላ ክፍል ትምህርት ላይ ነው! ዝም ይበሉ!» አለ ዋሲሁን፣ ሳቁ እያመለጠው።

«የዝምታ ድርሻዬን በፕላዝማ ጊዜ ጨርሻለሁ፣ ልጄ!» አለችውና እልልታውን ደገመችው።