ዓምራንና የመንገድ ሰደቃ

የምግብ ቤት ሒሳብ ላይ አስቀድሞ የተደመረ ጉርሻ ሳይ ሳህኑን ገፍቼ እነሳለሁ። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ዛሬ የትም እንዲህ ነው ይሉኛል። ይሁን። እነሱ ዓምራንን አያውቋትም።

ዓምራን የጀልዴሳ ልጅ ናት። ግመሎቻቸው በድርቅ ሲያልቁ ከእናቷ ጋር ድሬ ዳዋ ገባች። ለገሃር አጠገብ በነበረው ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆና ስትቀጠር እኔ ከባንኮኒው ኋላ የቡና ማሽኑ ላይ ነበርኩ። ቤቱ የአንድ ግሪክ ነበር። ሲወረስበት ሻንጣውን ይዞ በባቡር ሄደ፤ ለእኛ የተረፈን የፓስታው አሠራር ብቻ ነው። ዓምራን አማርኛዋን ከተመጋቢው ነው የለቀመችው፤ ሶማሊኛውም ኦሮምኛውም ጣልቃ ይገባባታል፣ እንደማናችንም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳህን ስታነሳ ኮሽታ የሌላት ነበረች። ጉርሻ የተወላት ሰው በሩን እስኪያልፍ ወደ ጠረጴዛው ዞር አትልም። ሰው ሲሰጥ እጁን አያዩበትም ትለኝ ነበር።

የባቡር ሰዎች ነገር ግን የተለየ ነው። ወደ ጅቡቲም ሆነ ወደ አዋሽ የሚሄድ ነጂ ፓስታውን በልቶ ሲነሳ ከሳህኑ ሥር አንድ ነገር ሸጎጥ ያደርጋል። ጉርሻ አይሉትም፤ የመንገድ ሰደቃ ነው የሚሉት፣ ክርስቲያኖቹም ሳይቀሩ። ከዚያ በሩ ላይ ቆም ይላል። ዓምራን «ነበድ ኩ ሶ ኖቆ» ትለዋለች፤ በሰላም ተመለስ ማለቷ ነው። ይህን ሳይሰማ የሚወጣ አልነበረም። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ መስመሩ ሲከፈት፣ ሐዲዱ ሥር ፈንጂ አለ እየተባለ ሲወራማ፣ ምርቃቱ እንደ ክታብ ሆነላቸው።

ቤቱ ሲወረስ ኃላፊ የተደረገው ጓድ ተሰማ ነው። በግሪኩ ጊዜ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ የነበረ፣ ከኛው ጋር ትራፊ ሲበላ የኖረ ሰው። ሰብስቦን፣ ጉርሻ የአድኃሪዎች ፍርፋሪ ነው፣ ወዛደሩን ለማኝ አድርጎታል እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ለፈፈ። ከእንግዲህ ከመቶ አሥር ሒሳቡ ላይ ይደመርና ለሠራተኛው እኩል ይከፋፈላል አለ። አጨበጨብን። ሳጥን ተሠራ፣ ቁልፉም እሱ ወገብ ላይ ተንጠለጠለ። ገንዘቡ አንዴ ለእናት አገር ጥሪ፣ አንዴ ለአብዮት በዓል ነው እየተባለ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። ለእሱና ለወዳጆቹ ውስኪ የምቀዳው እኔ ነበርኩ፤ ገንዘቡ የት እንደሚገባ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም።

ተመጋቢውም «ደርሷቸዋል» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ይህም አልበቃ ብሎ ተሰማ ማታ ማታ ሴቶቹን አሰልፎ የሽርጣቸውን ኪስ ይበረብር ጀመር። ያ ወፍራም ጣቱ ሲገባና ሲወጣ አሁንም ይታየኛል። ጉርሻ የተገኘባት ትባረራለች፤ ሀዎ የምትባል ጓደኛችን በሃምሳ ሳንቲም ተባረረች። ዓምራን ደግሞ ዓይኗ የጠፋ እናትና ሁለት ወንድሞች በእሷ እጅ ነበሩ። ሥራው ከሄደ ሁሉም ይሄዳል። ስለዚህ አቀርቅራ ትሠራለች፣ የነጂዎቹንም ሰደቃ ሰው ሳያይ ነበር የምታነሳው።

አንድ ቀን ሀብተ ማርያም የሚባለው ነጂ በልቶ ተነሳ። ሽበታም፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ብሩን ከሳህኑ ሥር አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ተሰማ ከማዕዘኑ ጠረጴዛ ሆኖ ሲያይ ኖሯል።

«አንቺ» አላት፣ «ሰውየው ሳይርቅ ብሩን መልሽለት።»

ዓምራን ወደ እኔ አየች። እኔ ስኒ ማጠቤን ቀጠልኩ። ብሩን አንስታ ሄዳ ዘረጋችለት። ሀብተ ማርያም ፊቱ አመድ መሰለ።

«የመንገዴን ትመልሺብኛለሽ?»

«ታዝዤ ነው ጋሼ።»

ተሰማ ከተቀመጠበት፣ ሠራተኞቻችን ለማኞች አይደሉም፣ ጓድ አሥር ፐርሰንቱን ከፍለሃል አለው። «እሱንማ ለአንተ ነው የከፈልኩት» አለ ሀብተ ማርያም። ቤቱ ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም። ብሩንም አልተቀበላትም። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና እጁን አጣጠፈ።

ባቡሩ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። የጣቢያው ሰው እየሮጠ መጣና ለመነው። ሀብተ ማርያም ንቅንቅ አላለም፤ ሰደቃው የተመለሰበት ሰው ፈንጂ ላይ አይነዳም አለ። በመጨረሻ ባቡሩን የሚያጅቡት ወታደሮች አለቃ፣ አንድ መቶ አለቃ፣ ገባ። ባቡሩን ያቆመው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር መሆኑን የማያውቅ አለ ወይ አለ። በዚያን ጊዜ ያ ቃል የተነገረበት ሁሉ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር።

«እኔ ዝግጁ ነኝ» አለ ሀብተ ማርያም ረጋ ብሎ፣ «የከለከለኝ ይሄ ጓድ ነው።»

ተሰማ ላብ አጠመቀው። ያ ሁሉ አብዮተኛነቱ እንደ ቅቤ ቀለጠ።

«ተቀበይው እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ!»

«ክልክል ነው ጓድ» አለች ዓምራን። ብሩ አሁንም እጇ ላይ ነው። «ማታ ኪሴን ስትፈትሽ ታገኘዋለህ። አልፈትሽሽም በል፣ መቶ አለቃው ይስማ።»

መቶ አለቃው ወደ ተሰማ ዞረ። ኪሷን ትፈትሻለህ ወይ አለው። ተሰማ፣ አልፈትሽም፣ ሰደቃ የራሷ ነው አለ፣ ሁላችንም እየሰማን። ዓምራን ብሩን በሻሿ ጫፍ ቋጠረችና ነጂውን መረቀችው። ሀብተ ማርያም እየሮጠ ሄደ፤ ባቡሩም ተነሳ።

አለቀ ብዬ ነበር። ክፉ ሰው ሲሸነፍ የሚማር መስሎኝ። ተሰማ ግን በነገሩ ጥቅም ታየው። ብዙም ሳይቆይ በባቡር ሰዎች ሒሳብ ላይ ካሥሩ ፐርሰንት ሌላ አንድ ነገር መደመር ጀመረ፣ «የመንገድ» ተብሎ። በሩ ጋ ሁለተኛ ሳጥን ቆመ። ዓምራንን ጠርቶ ከነገ ጀምሮ ሳጥኑ አጠገብ ቆመሽ ለከፈለ ሁሉ መርቂ አላት፤ የሚከፍሉት ለዚያ ስለሆነ ምርቃቱም የሥራሽ አካል ነው አላት። ጆሮዬን አላመንኩም። ውስኪ እየጠጣ ነው የሚነግራት።

«ምርቃት አይታዘዝም» አለችው። ሽርጧን ፈታ ባንኮኒዬ ላይ አኖረች፣ የወሩን ደመወዝም ሳትጠይቅ ወጣች። እየፈራች ነው የወጣችው። ቀፊራ ገበያ ሻይና ሳምቡሳ እየሸጠች እናቷን አኖረች፤ ያንን ኑሮ ቀላል ነበር የሚል ካለ ይዋሻል።

በቦታዋ አንዲት ከደጋ የመጣች ልጅ ተቀጠረች። ሶማሊኛ አታውቅም፤ ተሰማ ራሱ አስጠናት። ሳንቲሙ ሳጥኑ ውስጥ ሲወድቅ «ነበድ፣ ነበድ» ትላለች፣ ሌላውን እየረሳችው። ነጂዎቹ ቆባቸውን አጥብቀው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው በአጠገቧ ያልፋሉ። ከዚያ ወደ ለገሃር ሳይሆን በመጀመሪያ ወደ ቀፊራ ሲታጠፉ በመስኮቱ አያቸው ነበር።