እንግሊዝኛ በጭብጨባ

ድምፄ ጥሩ ነው ብዬ ባላምን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። ከሚሴ ውስጥ ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አፉን በእንግሊዝኛ ከፈታ ሰው ጋር አንድም ቀን አውርቼ አላውቅም፤ ግን ማን ይጠይቀኛል? በሰፈሬ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነኝ። አነብላቸዋለሁ፤ ያልገባኝ ቦታ ስደርስ ደግሞ ጉሮሮዬን ጠርጌ "ሐኪሙ እንዳዘዘ" እላለሁ። ማንም ተሳስተሃል ብሎኝ አያውቅም።

የተማሪዎቼ ችግር ግልጽ ነበር። ተውላጠ ስሙን ለብቻው ያውቁታል፣ ግሱን ያውቁታል፣ መስተዋድዱንም ያውቁታል። ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አገናኙ ሲባሉ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋባቸዋል። "ሊስን" ካሉ በኋላ "ቱ"ን ይውጧታል፤ "ዌይት" ካሉ በኋላ የምትመጣውን "ፎር" ከናካቴው አያስታውሷትም። ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ አስገለበጥኩ፣ ተቆጣሁ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

አንድ ሰሞን መውሊድ ላይ አምሽቼ በማግስቱ ክፍል ገባሁ። የድቤው ምት ገና ከጆሮዬ አልወጣም። መንዙማ አውራጁ አንድ ስንኝ ያወርዳል፣ ሰዉ እያጨበጨበ ይቀበላል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ ያንን ሁሉ ስንኝ በቃሉ ይዞታል። ታዲያ መስተዋድድ እንዲህ በቃል እንዳትያዝ ምን ከለከላት? ዳስተሩን አስቀመጥኩና ጠረጴዛውን እየደበደብኩ አወረድኩ፦ "አይ ጎ ቱ፣ ዩ ጎ ቱ!" ክፍሉ ሳልነግረው ተቀበለኝ፦ "ሂ ጎዝ ቱ፣ ሺ ጎዝ ቱ!"

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኝ። ለእያንዳንዱ ግስ ዜማ አወጣሁለት። ከጎን ክፍል የሚያስተምረው የሒሳብ መምህር ስሞታ አቀረበ፤ ቀና ብዬም አላየሁት። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል የሚያልፉ ሼህ ጠርተውኝ "መምህር፣ ልጆቹ ማንን ነው የሚያወድሱት?" አሉኝ።

"ተውላጠ ስምን ነው፣ ሼሁ።"

"ይሁን፣ አላህ ከልባቸው ያስገባላቸው" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ገባላቸውም። ፈተና ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወገባቸውን እያወዛወዙ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከመጀመሪያው ስንኝ ተነስተው መልሱ ያለበት ይደርሳሉ። ውጤታቸው ከሌሎቹ ክፍሎች በለጠ። እኔም አበጥኩ። በመምህራን ስብሰባ ላይ "ዘዴ ነው ዋናው" የሚል ንግግር ማድረግ ጀመርኩ፤ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ድረስ እቀላለሁ።

ከሁሉም የምትበልጠው አንዲት የጨፋ ገበሬ ልጅ ነበረች። አስረኛ ክፍል ስትጨርስ ደሴ ለነርስነት ሥልጠና ተመዘገበች፤ የሚቀራት በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የቃል ፈተና ነበር። አባቷ ገበያ ውለው ሲመለሱ ቤቴ መጡና ነገሩን ሳያድበሰብሱ ነገሩኝ።

"ከሰንበቴ ከተማ ለጋብቻ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮብኛል። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ማለቴ፣ ትምህርቱን ነው የምትወደው። ካለፈች ትማር፣ እኔም ደስ ይለኛል። ከወደቀች ግን ሰዎቹን ስንት ጊዜ እመልሳለሁ? ታልፋለች ወይ?"

"ኢንሻአላህ! እንዲያውም እኔ ራሴ አብሬ እሄዳለሁ" አልኩ። ማንም አብረህ ሂድ አላለኝም።

ደሴ ላይ እኔና አባቷ ከፈተናው ክፍል መስኮት ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። መስኮቱ ክፍት ነው። አንደኛው ፈታኝ ከማን ጋር እንደምትኖር በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ቀላል ጥያቄ ነው፤ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ጭኗን በስሱ ስትመታ ተሰማኝ። ከመጀመሪያው ስንኝ ጀመረች፦ "አይ ሊቭ ዊዝ፣ ዩ ሊቭ ዊዝ..." እዚህ ላይ ቆመች። ተቀባዩ የሚገባበት ቦታ ነዋ!  እኛ አገር አውራጅ ስንኝ አውርዶ ሰው ሳይቀበለው ከቀረ ትልቅ ነውር ነው። እጄን ያዘዘው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አጨበጨብኩና በሙሉ ድምፄ "ሂ ሊቭዝ ዊዝ፣ ሺ ሊቭዝ ዊዝ!" አልኩ።

የሁለት ፈታኞች ጭንቅላት በመስኮቱ ብቅ አለ። መምህሯ መሆኔን ስነግራቸው ባሰ። ከውጭ መልስ ተነገራት ተባለና ፈተናዋ ተሰረዘ። ብለምን፣ ብምል፣ ብገዘት የሚሰማኝ ጠፋ። ልጅቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወጣች፤ አባቷ "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ" እያሉ ትከሻዋን ይዘው ወሰዷት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስንመለስ አውቶቡሱ የሐርቡን ከተማ ሲያልፍ አባቷ ወደ እኔ ዞሩ። 

"መምህር፣ አንተ ባትቀበላት እኔ ልቀበላት አፌን ከፍቼ ነበር። ማሽላ ስትጠብቅ ማማው ላይ ሆና ዜማውን ስትለው ክረምት ከበጋ ሰምቼዋለሁ።" ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ወላሂ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ያንተ ነው። ሽማግሌዎቹን አንድ ዓመት አቆይልሃለሁ። ያበላሸኸውን አስተካክል።"

ልጅቷ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ትምህርት ቤት ትመጣ ጀመር። ዜማ የለም፣ ጭብጨባ የለም፤ ዝም ብሎ መጠየቅና መመለስ። በመጀመሪያው ቀን አንደኛዋ ጓደኛዋ ስለዘገየች ወደ በሩ እያየሁ ቆሜ ነበር። ልጅቷ "ቲቸር፣ ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?" አለችኝ። ማንን ነው የሚጠብቁት ማለቷ ነው። በትክክል ነው የጠየቀችው፣ ያለ ዜማ።  የእኔ መልስ ግን ሲዘገይ ዓይኗ ወደ ጣቶቼ ወረደ፤ እኔም አየሁ። ጣቶቼ ጭኔን እየመቱ ነው። ከ"አይ ዌይት ፎር" ተነስቼ ወደ መልሱ እየተጓዝኩ ነበር።

"ቲቸር፣ እርስዎም?" አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

እኔም። ለካ ለልጆቹ ዘዴ አላወጣሁላቸውም፤ የራሴን በሽታ ነው ያጋባኋቸው። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ በማግስቱ ታምሜያለሁ ልል አሰብኩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ትዝ አሉኝና ሄድኩ። ዓመቱን ሙሉ አራታችን ተንተባተብን። እሷ እኔን ታርማለች፣ እኔ እሷን አርማለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እሷ የምታርመኝ ይበዛል።

በሚቀጥለው ፈተና አባቷ ብቻቸውን ይዘዋት ሄዱ። "አንተ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል" ብለውኝ ነበር። ሲመለሱ መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ውጤቱ እዚያው ተነግሯቸዋል፤ አልፋለች። አባቷ እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። የሰንበቴዎቹን ሽማግሌዎች በክብር እንደሚያሰናብቷቸው ነገሩኝ።

"ምን ጠየቁሽ?" አልኳት።

"እንግሊዝኛ ማን አስተማረሽ አሉኝ።"

 "ምን አልሽ?"

መሬት መሬት እያየች፣ ግን ሳትቸኩል፣ የመለሰችላቸውን በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ አንዷም መስተዋድድ ቦታዋን አልሳተችም። "ከመምህሬ ጋር አብረን ነው የተማርነው" ብላቸዋለች።